በ44 አማካይ ውጤት ነርስ መሆን ይቻላል?

ሐኪሙ በካርዱ ላይ 60 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን ብሎ ያዛል። ነርሷ ብልቃጡን ስታነሣ የተጻፈው ሌላ ነው፤ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም። በሲሪንጅ ስንት ትሳብ? 60ን ለ80 አካፍሎ በ2 ማባዛት ነው፤ 1.5 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ስሌቱ ከመጀመሪያ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም። ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አልጋው ሁሉ በሞላበት ክፍል፣ አንዲት እናት "ልጄ ተቃጠለብኝ" እያለች ክንዷን ስትጎትታት ይህንኑ ማስላት ሌላ ነገር ነው። ደክሟት ብልቃጡን ሙሉ ብትሰጥና ስሕተቱ ቢደጋገም መድኃኒቱ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል።

ይህን ያስቀደምሁት ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና አካባቢ አንድ አባት ደውለው ስለ ጠየቁኝ ነው። በነርስነት ብዙ ዓመት መሥራቴን ከዘመድ ሰምተዋል። "ልጄ በ12ኛ ክፍል ፈተና አርባ አራት አመጣች። ከሕፃንነቷ ጀምራ ሲስተር እሆናለሁ ስትል ነው ያደገችው። እንግዲህ ቀረ ማለት ነው ወይ?" አሉኝ። በስልክ ላይ "ተስፋ አይቁረጡ ጋሼ" ከማለት በቀር የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። የሚከተለው ያን ዕለት ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ 44 ራሱ ምን ያህል ዝቅተኛ ነው? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአገሪቱ የተፈታኞች አማካይ 30 በመቶ አካባቢ በሚንገዋለልበት ዘመን 44 ያመጣች ልጅ ወድቃለች የምትባለው ከ50 አንጻር ነው፤ ከእኩዮቿ አንጻር ግን አብዛኞቹን በልጣለች።

ወደ ጎጃም ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ታሪክ ይዟል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ በምሥራቅ ጎጃምም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ የተከፈተውም መልሶ ተዘግቷል። መምህሩ ደመወዙን ፍለጋ ከተማ ገብቶ መንገድ ተዘግቶበት የቀረበት ሳምንት ጥቂት አይደለም። በዚህ መካከል በኩራዝ አንብቦ፣ መንገድ ሲከፈት ተጉዞ፣ ፈተናውን የወሰደ ልጅ ያመጣው ነጥብ የልጁን አእምሮ ብቻ ለካ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ፣ ልጁ ያለ መምህር የከረመባቸውን ወራት ቆጥሮ ይከራከረኝ።

ይሁን እንጂ በሽተኛው ይህን ሰበብ አያውቅም። ትምህርት ቤቷ ሁለት ዓመት ስለ ተዘጋ መድኃኒቱን አዛብታ የሰጠችውን ነርስ ኩላሊቱ አይምራትም። እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ነጥቡ ልጅቱን በድሏታል፣ ሥራው ግን ርኅራኄን ተቀብሎ ስሕተትን የሚያልፍ አይደለም። ብዙ ሰው ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይሟገታል። አንዱ "ድሀ ናት፣ ትግባ" ይላል፤ ሌላው "ጥራት ይጠበቅ፣ በሩ ይዘጋ" ይላል። ሁለቱም ውጤቷን ገልጠው አላዩትም።

እኔ አስገልጬ አየሁት። ከአባትየው ጋር በተነጋገርን በማግስቱ ልጅቱ ውጤቷን በመልእክት ላከችልኝ። ባዮሎጂ 62፣ ኬሚስትሪ 55፣ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ 47፣ እንግሊዝኛ 38፣ ፊዚክስ 33፣ ሒሳብ 31። ድምሩ ከ600 266፣ አማካዩ 44 ከምናምን። በስድስቱም ትምህርት እኩል 44፣ 44 ያመጣ ልጅም አማካዩ ያው 44 ነው። በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ለነርስነት ግን ጨርሶ አይመሳሰሉም። ይህች ልጅ የሰውን አካል አሠራር ከመማሪያ መጽሐፉ በሚገባ ይዛዋለች፤ የጎደላት በግልጽ የሚታይ ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ። የፊዚክሱ ውጤት ጎትቶ ያወረዳት ለሥራው ያለው ፋይዳ ከሁለቱ ያነሰ ሆኖ ሳለ ነው። የጎደላት የሚታወቅ ልጅ መሙያዋም ይታወቃል። አማካይ ውጤት ይህን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ቁጥር ያደርገዋል፤ ከዚያም በዚያ አንድ ቁጥር ላይ የሕይወት መንገድ ይቆረጣል።

አሁን ወደ መንገዶቹ። 50 ያልደረሰ ተማሪ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ በር ተዘግቶበታል የሚለው በገጠር በሰፊው የሚወራ ነገር ስሕተት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ። የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ከ50 በታች የሆነ መቁረጫ ነጥብ ያወጣል፤ ለሴቶች ደግሞ ከወንዶቹ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ በላይ ያመጡት በዩኒቨርሲቲ ገብተው ለአንድ መንፈቅ ያህል ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንደገና ይማራሉ። በመጨረሻው 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው ተቋሙ በሚሰጠው ይመዘናል፤ 50 ያመጣ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባል። መቁረጫው ባለፉት ዓመታት ከ44 በታች ስለ ነበረ ለዚህች ልጅ ከሁሉ የቀረበው መንገድ ይህ ነው። አባትየው ስለ ሪሜዲያል ሰምተው አያውቁም ነበር። ይህ አሳዝኖኛል፤ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሊነግራቸው የሚገባ ነገር ነበር።

ሪሜዲያሉን ማለፍ ግን ነርሲንግን ማግኘት ማለት አይደለም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሎጂክ እስከ ሳይኮሎጂ፣ ከጠቅላላ ባዮሎጂ እስከ ሒሳብ ድረስ የጋራ ትምህርቶችን ይወስድና በዚያ ውጤቱ የትምህርት ክፍል ይመርጣል። ሕክምናና ፋርማሲ ከፍተኛውን ውጤት ይወስዳሉ፤ ነርሲንግ ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ በኋላ ይሰለፋል። እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱን ልናገር። ነርሲንግ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች ቀላል የማይባለው ቁጥር በአምስተኛና በስድስተኛ ምርጫው የደረሰው ነው። ሕክምና ፈልጎ ያጣ፣ ኢንጂነሪንግ የሸሸ፣ "ከምቀር" ብሎ የገባ። እነዚህ ልጆች አስተማሪው ስለ አልጋ ቁስል ሲያስረዳ በመስኮት ሲያዩ አይቻለሁ። በሌላ በኩል ሲስተር ልሁን ብላ ያደገችው ልጅ ውጭ ቆማ በስልክ ትጠይቃለች። የምደባው ሥርዓት የውጤትን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ ፈላጊውን ግን አይጠይቅም። በሽተኛን በሌሊት የሚያገላብጠው ሰው ሥራውን የፈለገ ይሁን አይሁን ለበሽተኛው ትልቅ ልዩነት አለው። ነርሲንግን በመጀመሪያ ምርጫው ላስቀመጠ ተማሪ ጥቂት ነጥብ ቢጨመርለት ማን ይጎዳል?

ሁለተኛው መንገድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። በእኛ በኩል የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ የተከፈለ የሙያ ሥልጠና ይሰጣሉ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ከ10ኛ ክፍል በቀጥታ ይገባባቸው ነበር፤ አሁን መነሻው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። መቁረጫውና የመቀበያው ብዛት በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም የመግቢያ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጨመራል። ሠልጣኙ ሲጨርስ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። ምዘናውን ያላለፈ የኮሌጁ ወረቀት ብቻውን አያስቀጥረውም። በዚህ በኩል ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ቆይቶ ወደ ዲግሪ የተሻገረ ብዙ ባልደረባ አለኝ፤ ከእነርሱ መካከል ካኑላ (በደም ሥር የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) በማስገባት ከዲግሪዎቹ የሚበልጡትን አውቃለሁ።

"ዝቅ ባለ ትምህርት የገባ ሰው ጤናን ያበላሻል" ለሚሉ አንድ ማስረጃ በየቀበሌያችን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የተመረጡት 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከራሳቸው መንደር የወጡ ሴቶች ነበሩ፤ ሥልጠናው አንድ ዓመት ነበር። ከ30,000 በላይ ሆነው በአገሪቱ ተሰማርተዋል። ክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔን፣ የመጸዳጃ ቤትን ነገር ወደ እያንዳንዱ በር ያደረሱት እነርሱ ናቸው። የተሰጣቸው ሥራ በግልጽ የተለካ ነበር፤ ለዚያ ሥራ የሚበቃ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ በኋላም ትምህርታቸው ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደረገ። መግቢያው ዝቅ ሲል ሥልጠናውና ምዘናው ጠበቅ ከተደረገ ሰው ይሠራል።

ሦስተኛው መንገድ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ አባት የሚጎዳው በዚህ ነው። የግል ኮሌጆች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂዎች ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት የተደመረ ቁጥር ነው፤ ለጤናም ማስጠንቀቂያ ነው። "ውጤት አያስፈልግም፣ ክፈል ግባ" የሚል ሰው መግቢያውን እየሸጠ ነው፤ መውጫው ላይ ግን እርሱ አይገኝም። በግል ተቋም ዲግሪ ለመማርም ቢሆን የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ወይም ሪሜዲያል ያስፈልጋል። ያ ሳይኖር የተሰጠ ዲግሪ በሰነድ ማጣሪያ ላይ ይወድቃል።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች፤ አባቷ ሁለት በሬ ሸጠው አስተማሯት። ኮሌጁ ፈቃድ ነበረው፤ እርሷ የተማረችበት ካምፓስ ግን ለዚያ ሙያ ፈቃድ አልነበረውም። ይህ የታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ጎጃሜ አባት ሁሉ ከመክፈሉ በፊት እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ ለዚህ ካምፓስ፣ ለዚህ የትምህርት ዓይነት፣ ለዚህ ደረጃ የተሰጠው የእውቅና ፈቃድ የት አለ? ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጅ ስም ብቻ ሳይሆን ለያንዳንዱ ካምፓስና ለያንዳንዱ ሙያ ነው። የሚጠራጠር ካለ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጠይቅ። ሌላም ጥያቄ አለ፤ ተማሪዎቹ የተግባር ልምምድ የሚወጡት የትኛው ሆስፒታል ነው? መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ። አስከሬን ሳያይ፣ ወላድ ሳያዋልድ፣ በአሻንጉሊት ላይ ብቻ መርፌ ወግቶ የወጣ ነርስ አጋጥሞኛል። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ከፍሎ ነው የተታለለው።

ታዲያ ዝቅ ባለ ውጤት የመጣችውን ልጅ እንዴት እንቀበላት? እዚህ አገር መልሱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አለ። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ዋሸራ ቅኔ ቤት የገባ የቆሎ ተማሪ አማካይ ውጤት አልተጠየቀም። አኵፋዳውን አንጠልጥሎ መጣ፣ ተቀመጠ። የቅኔው መጀመሪያ የሆነው ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት ግን ወደሚቀጥለው ወደ ዘአምላኪየ አያልፍም። ዘአምላኪየ ሳይቀና ወደ ሚ በዝኁ አይገባም። አንዱ በስድስት ወር ይጨርሳል፤ ሌላው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ሁለቱም ሲወጡ ግን ቅኔው ቅኔ ነው። የኔታ በጉባኤ ቃና የጎደለውን ከፍ ባለው ቅኔ በመወድስ አማካይ አድርገው አያልፉለትም። የኛ የዘመናዊው ትምህርት ሥርዓት በተቃራኒው መግቢያው ላይ ጨካኝ፣ መሐሉ ላይ ቸልተኛ ነው። መድኃኒት ስሌት ላይ 40 ያመጣ ተማሪ በሥነ ምግባር ትምህርት 90 አምጥቶ አማካዩን ሞልቶ ዋርድ ይገባል።

እንግሊዞች ይህን ክፍተት በአንድ ሕግ ዘግተውታል። የነርሶች ተቆጣጣሪ ምክር ቤታቸው ማንም ተማሪ ነርስ ሆኖ ከመመረቁ በፊት የመድኃኒት ስሌት ምዘናውን 100 በመቶ እንዲያልፍ ያዛል። 99 ወድቋል ማለት ነው። በእኛም አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር የዲግሪ ተመራቂ ነርሶች የሚወስዱትን የብቃት ምዘና ጀምሯል፤ በጎ ነው። ግን ምዘናው በመጨረሻ ላይ የሚመጣ አንድ ፈተና ነው፤ የጎደለውን ለመሙላት ዘግይቷል። እኔ የምጠይቀው ቀደም ያለ ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ይሁን ባሕር ዳር፣ አንድ ጤና ኮሌጅ ከአማካይ ይልቅ የትምህርቶቹን ዝርዝር አይቶ ይቀበል። በሒሳብና በእንግሊዝኛ ዝቅ ያለውን ሦስት ወር ለብቻው ያስተምር፤ ክፍልፋይ፣ ምጥጥን፣ ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር፣ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ። ከዚያ የስሌት ፈተናውን ሙሉ በሙሉ ያላለፈ አንድም ሰው፣ የማንም ባለሥልጣን ልጅ ቢሆን፣ ሲሪንጅ አይያዝ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ኖራ፣ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ትጉ መምህር ይበቃል።

ስለ እንግሊዝኛው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዎች ይንቁታል። ጎጃም ውስጥ ነርስ ከበሽተኛ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ ወደ አዊ ሲወጣ አገውኛም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ብልቃጡ፣ የሐኪሙ ካርድና የርክክብ መዝገቡ በእንግሊዝኛ ናቸው። ስማቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። 38 ያመጣች ልጅ ይህን መናቅ የለባትም።

ስለ ሥራውም እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ተመርቀው ዓመትና ሁለት ዓመት ቅጥር የሚጠብቁ ነርሶች በየከተማው አሉ፤ በጤና ጣቢያ የሰው እጥረት ሳለ ለመቅጠሪያ በጀት የለም ይባላል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ኑሯቸውን አልችል ስላለ እንዲሻሻልላቸው በአደባባይ ጠይቀዋል። አባትየው በሬ ይሽጡ አይሽጡ ሲወስኑ ይህን ማወቅ ይገባቸዋል።

ባለፈው ሳምንት መልሼ ደወልሁላቸው። ስለ ሪሜዲያል፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ፈቃዱ በዝግታ ነገርኋቸው። "እንዲያው እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ስልኩን ለልጅቱ ሰጧት። የታናሽ ወንድሟን የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ይዛ ምጥጥን እየሠራች መሆኗን ነገረችኝ። ልፈትናት ፈለግሁ። "ሺህ ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ታወርጂያለሽ?" አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ "አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ ነው? እሱን አልነገሩኝም" አለች።

ሆን ብዬ ነበር ያስቀረሁት። ሃያ ነው አልኋት። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ከደቂቃ ያህል በኋላ "አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ምናምን ይመጣል፤ ጠብታ ስለማይከፈል አርባ ሁለት ላድርገው?" አለችኝ።